«ሚዛን»፣ «ቅጽበት»፣ «መረጃ»፦ ስለ ግል ሠራሽ አውሮፕላን በተተረጎመ ረቂቅ መመሪያ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

በግለሰቦች ተሠርተው ስለሚበሩ አነስተኛ አውሮፕላኖች የክብደት ስሌትና በእነዚሁ አውሮፕላኖች በሚደረግ የአየር ላይ ትርኢት ሊወሰድ ስለሚገባው ጥንቃቄ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተተረጎመ አንድ ረቂቅ መመሪያ ለአስተያየት ቀርቦልን መርምረነዋል። ረቂቁ ገና ያልታተመ ስለ ሆነ የተርጓሚዎቹን ስም መጥቀስ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም። በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው ረቂቁ ከያዛቸው ሙያዊ ስያሜዎች መካከል አንባቢውን ወደ ተሳሳተ ድርጊት ሊመሩ ይችላሉ ባልናቸው ላይ ብቻ ነው። የፊደል ግድፈትና የሥርዐተ ነጥብ ጉድለት ለአራሚው የሚተው ነው፤ አብራሪውን ከመሬት የሚያላትም ስያሜ ግን የቃላት ባለሙያውን የሚመለከት ጉዳይ ነው።

የረቂቁን በጎ ጎን አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ በአብዛኛው የአማርኛን አገባብ የተከተሉ ናቸው፤ አኀዞቹም በጥንቃቄ ተገልብጠዋል። አውሮፕላን ሆዱን ወደ ሰማይ፣ ጀርባውን ወደ ምድር አድርጎ የሚበርበትን ሁኔታ «ዘቅዝቆ መብረር» ማለታቸው ማንም ሰው ያለ ማብራሪያ የሚረዳው ጥሩ ስያሜ ነው። ምሳሌዎቹን ከባሕር ማዶ ሜዳ አንሥተው ወደ ጎንደር ደጋ፣ በተለይም ወደ ኮሶዬ ማምጣታቸው ደግሞ የሚመሰገን ነው፤ ምንም እንኳ በኋላ እንደምናሳየው ለምሳሌው የተመረጠው ቦታ ራሱ የስያሜዎቹን ጉድለት ይበልጥ የሚያጋልጥ ቢሆንም።

የአማርኛ ስያሜ ያስፈልጋልን?

አንዳንድ ባለሙያዎች የአቪዬሽን ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለ ሆነ በአማርኛ ስያሜ መድከም ከንቱ ነው ይላሉ። በእርግጥም ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በዓለም አቀፍ በረራ የተሰማሩ አብራሪዎች በሬዲዮ መነጋገሪያ ቋንቋ ቢያንስ የ4ኛ ደረጃ ችሎታ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለአየር መንገድ አብራሪ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ «ኬ-570ኤ» የተባለችውን በእጁ የሠራትን አውሮፕላን ለማብረር ሞክሮ ሙከራው ሳይሳካ መቅረቱ በአገር ውስጥና በውጭ አገር መገናኛ ብዙኃን በሰፊው ተነግሯል። ዕውቀቱን የቀሰመው ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሥራውን ብቻውን አይፈጽምም፤ ብረቱን የሚበይድለት፣ እንጨቱን የሚልግለት፣ አውሮፕላኑን በሚዛን ላይ የሚያወጣለት ሰው ያስፈልገዋል። እነዚህ ሁሉ የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የአማርኛ ስያሜ ይኑር አይኑር የሚል ሊሆን አይገባውም፤ ስያሜው መኖሩ የማይቀር ስለ ሆነ የተጠናና ወጥ ይሁን የሚል እንጂ።

«የቤት አውሮፕላን»

ረቂቁ ከርእሱ ጀምሮ ሰው በግሉ የሚሠራውን አውሮፕላን «የቤት አውሮፕላን» ይለዋል። በአማርኛ «የቤት» የሚለው ዘርፍ አንድን ነገር በቤት ውስጥ ለሚኖር ወይም ለሚያገለግል ነገር ይመድበዋል፤ የቤት እንስሳ፣ የቤት ዕቃ፣ የቤት ልብስ እንላለን። የሥራውን ባለቤት ግን አያመለክትም። በቋንቋችን «ሰው ሠራሽ» የሚል የታወቀ አነጋገር ስላለ በዚሁ አምሳል «ግል ሠራሽ» ብንል ስያሜው አጭር፣ ለመረባትም የተመቸ ይሆናል።

የዚህ ልዩነት ጥቅም በታሪካችን ውስጥ ይታያል። በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር በኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት ላይ ሳለ ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት አውሮፕላን ናት። በወረራው ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ ለብዙ ዓመታት በዚያው ቤተ መዘክር ከቆየች በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። «ፀሐይ» አገር ውስጥ ተሠራች እንጂ ግል ሠራሽ አይደለችም፤ «ኬ-570ኤ» ግን ግል ሠራሽ ናት። በረቂቁ አጠራር ሁለቱም «የቤት አውሮፕላን» ሊባሉ ይችላሉ፤ ይህም የኃላፊነትን ጥያቄ ያድበሰብሳል። በግል ሠራሽ አውሮፕላን የስሌቱ ኃላፊ ሠሪው ራሱ ነውና።

ሚዛን፣ ክብደት፣ ክንድ፣ ቅጽበት

የረቂቁ ሁለተኛ ምዕራፍ «ክብደትና ሚዛን» ይላል። በአማርኛ «ሚዛን» ባለ ብዙ ፍች ቃል ነው። መመዘኛው መሣሪያ ሚዛን ይባላል፤ የተመዘነው ነገር ክብደት ሚዛን ይባላል፤ ወዲያና ወዲህ ሳያጋድሉ መቆምም ሚዛን መጠበቅ ይባላል። ረቂቁ ቃሉን በሦስቱም ፍች፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ገጽ ላይ ይጠቀምበታል። «አውሮፕላኑ በሚዛኑ ላይ ሲወጣ ሚዛኑን ጽፎ ሚዛኑን ማስላት» የሚል ትእዛዝ የሚያነብ ሠራተኛ ክብደቱን ከጻፈ በኋላ ሥራው የተፈጸመ ሊመስለው ይችላል። አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ክብደቱ በተፈቀደው ልክ የሆነ አውሮፕላን ክብደቱ ያለ ቦታው በመቀመጡ ብቻ ከቁጥጥር ውጭ ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ የባሰው የሚከተለው ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ቅጽበቱን ለማግኘት ክብደቱን በክንዱ ማባዛት ነው፤ ክንድ የሚባለውም ከመረጃው ያለው ርቀት ነው።» ከእነዚህ ቃላት መካከል አማርኛ ያልሆነ አንድም የለም፤ ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሁሉ አይረዳውም። ተርጓሚዎቹ ባለ ሁለት ፍች የሆኑትን የእንግሊዝኛ ቃላት በተለመደው ፍቻቸው ወስደዋቸዋል። አንዱ ቃል የጊዜ ቅንጣትም የማሽከርከር ዐቅምም ማለት ሲሆን «ቅጽበት» ብለውታል። ሌላው ልኬት የሚጀመርበት ነጥብ ማለት ሲሆን በብዙ ቁጥሩ ለመረጃ ስለሚውል «መረጃ» ሆኗል። «ክንድ» በአገራችን የታወቀ የርዝመት ልክ ነው፤ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ የሚለካ፣ ግማሽ ሜትር የሚያህል። «የአብራሪው ክንድ 2.20» የሚል ሰንጠረዥ ያየ አናጢ መቀመጫውን ከሁለት ክንድ እምብዛም ሳይርቅ፣ ማለትም ከታዘዘው ርቀት ግማሽ ላይ ቢተክለው የሚወቀሰው እርሱ አይሆንም።

የስሌቱን አሠራር በተስተካከለ ስያሜ እናሳይ። ለምሳሌ ያህል የልክ መነሻው የአፍንጫው ጫፍ የሆነ አንድ ባለ ጭራ ጎማ አውሮፕላን እንውሰድ። ባዶውን ሲመዘን ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድነት 322 ኪሎ ግራም፣ የጭራው ጎማ 18 ኪሎ ግራም ቢያሳዩ፣ የፊቶቹ ከልክ መነሻው 1.40 ሜትር፣ የጭራው 5.40 ሜትር ቢርቁ፣ እያንዳንዱን ክብደት በርቀቱ አባዝተን ስንደምር 548 እናገኛለን። ይህንን ለጠቅላላው 340 ኪሎ ግራም ስናካፍል የስበት ማዕከሉ ከመነሻው 1.61 ሜትር ላይ ይውላል። አሁን 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን አብራሪ በ2.20 ሜትር፣ 40 ኪሎ ግራም ነዳጅ በ1.10 ሜትር ርቀት ይጨመር። ክብደቱ 460፣ የብዜቶቹ ድምር 768 ይሆናል፤ የስበት ማዕከሉም 1.67 ሜትር ላይ ይደርሳል። የተፈቀደው ወሰን ከ1.55 እስከ 1.70 ሜትር ነው ብንል አውሮፕላኑ ደኅና ሆኖ ይነሣል። ነዳጁ በበረራ ላይ ተቃጥሎ 5 ኪሎ ግራም ሲቀር ግን ክብደቱ 425፣ ድምሩ 729.5 ይሆናል፤ ማዕከሉም ወደ 1.72 ሜትር ይሸሻል። አብራሪው ምንም ሳይነካ፣ አውሮፕላኑም እየቀለለ ሄዶ ከወሰኑ ወጥቷል ማለት ነው። «ሚዛን» ማለት ክብደት ነው ብሎ የሚያምን አንባቢ ይህንን ሊጠረጥር አይችልም፤ ለእርሱ የቀለለ ሁሉ ደኅና ነውና።

ልክ ከስያሜ ጋር ሲጋጭ የሚያስከትለውን ለማስታወስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1983 በካናዳ የደረሰውን መጥቀስ ይበቃል። ለአንድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ሲያስፈልገው፣ የአንዱ ሊትር ክብደት በፓውንድ የተሰጠበት 1.77 የሚለው አኀዝ በኪሎ ግራም እንደ ሆነ ተቆጥሮ ተሰላ፤ አውሮፕላኑም ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዞ ተነሣ። ሁለቱም ሞተሮች በአየር ላይ ጠፉ። አብራሪዎቹ ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ ላይ ያለ ሞተር በማሳረፋቸው የሰው ሕይወት አልጠፋም። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ከአኀዙ አጠገብ ሊቆም የሚገባው ቃል ነው።

መጥፋትና መክዳት

በትርኢት ምዕራፍ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ስሕተት «የሞተር መጥፋት» የሚለው ነው። እንግሊዝኛው ቃል ለመኪና ሲነገር ሞተሩ ቀጥ ማለቱን ያሳያል፤ ለአውሮፕላን ሲነገር ግን ሞተሩን አይመለከትም። ክንፍ አየርን የሚቀበልበት ማዕዘን ከተወሰነ ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ፣ በክንፉ ላይ የሚፈሰው አየር ይላቀቅና የማንሣት ኃይሉ በድንገት ይወድቃል። ይህ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየሠራ ሊደርስ ይችላል። መድኃኒቱም መሪውን ወደ ፊት ገፍቶ ማዕዘኑን መቀነስ ነው። ረቂቁን ያነበበ አብራሪ ግን እጁን ወደ ሞተር ማስነሻው ይሰዳል፤ ያችም ጥቂት ሴኮንድ የምትተካ አይደለችም።

ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ «ክንፍ መክዳት» የሚለውን እናቀርባለን። በአማርኛ «እግሬ ከዳኝ»፣ «ጉልበቴ ከዳኝ» ስንል አካሉ በቦታው ሳለ የሚጠበቅበትን አገልግሎት በድንገት ማቋረጡን መግለጻችን ነው። የክንፉም ነገር እንዲሁ ነው፤ አልተሰበረም፣ አልወደቀም፣ ከዳ። «ክህደት» የሚለው ስም የሃይማኖትና የፖለቲካ ትርጉም ስለ ተጫነበት ግን ከንኡስ አንቀጹ «መክዳት» እንዳይወጡ እንመክራለን።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው «የጥቃት ማዕዘን» ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፤ ክንፉ የሚያጠቃው፣ ወይም የሚጠቃ ነገር የለም። አንዳንዶች «የገጠማ ማዕዘን» እንዲባል ሐሳብ አቅርበዋል። ግል ሠራሽ አውሮፕላን በሚገጣጠምበት ቦታ ይህ ስያሜ ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚታሰርበትን ቋሚ ማዕዘን ማመልከቱ አይቀርም፤ ያም ሌላ ነገር ስለ ሆነ አንቀበለውም። «የክንፍና የአየር ማዕዘን» ትንሽ ቢረዝምም የማያሳስት ነው።

«የጭነት ምክንያት» የሚለውም መታረም አለበት። አንባቢው አውሮፕላኑ ለምን እንደ ተጫነ የሚያብራራ ክፍል ይመስለዋል። የተፈለገው ክንፉ የሚሸከመው ከአውሮፕላኑ ክብደት ስንት ጊዜ እንደሚበልጥ ማሳየት ነው፤ ለዚህም ቋንቋችን «እጥፍ» የሚል የተዘጋጀ ቃል አለው። «የጭነት እጥፍ» እንበል። በ60 ዲግሪ አጋድሎ ከፍታውን ሳይለቅ የሚዞር አውሮፕላን የጭነት እጥፉ 2 ነው፤ ክንፉ የሚከዳበትም ፍጥነት በ1.41 ይባዛል፤ ቀጥ ብሎ ሲበር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ የሚከዳው ክንፍ በዚህ ዙር በ113 ይከዳል። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን በተሠራበት የአነስተኛ አውሮፕላኖች ምደባ ለመደበኛ በረራ የተወሰነው እጥፍ 3.8፣ ለትርኢት 6 ሲሆን፣ ዘቅዝቆ ለመብረር ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ 3 ነው። ከላይ ያሰላነው 460 ኪሎ ግራም አውሮፕላን በ6 እጥፍ 2,760 ኪሎ ግራም ሆኖ በክንፉ ላይ ይንጠለጠላል። ለመደበኛ በረራ የተሠራ ክንፍ ይህን እንዲሸከም አልታሰበም፤ «ምክንያት» የሚለው ቃል ግን ይህን ማስጠንቀቂያ ከአንባቢው ይሰውረዋል።

ረቂቁ ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎችን ደግሞ «እየተሽከረከሩ መውረድ» በሚል አንድ ስያሜ ጠቅልሏቸዋል። በአንደኛው ክንፉ ከድቷል፤ አውሮፕላኑ እንደ እንዝርት በራሱ ዙሪያ ይሾራል፤ ፍጥነቱ እምብዛም አይጨምርም። በሁለተኛው ክንፉ አልከዳም፤ አውሮፕላኑ በጥምዝ መንገድ ቁልቁል ይወርዳል፤ ፍጥነቱም ከቅጽበት ወደ ቅጽበት ያድጋል። ለመጀመሪያው በጠቅላላው የሚሰጠው ትምህርት የሞተሩን ጉልበት መቀነስ፣ የጭራ መሪውን በሹረቱ ተቃራኒ መርገጥና መሪውን ወደ ፊት መግፋት ነው፤ ለሁለተኛው ክንፎቹን አቃንቶ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት በሽታውን ያብሳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን «ሹረት»፣ ሁለተኛውን «ጥምዝ ቁልቁለት» ማለት ይገባል። የስበት ማዕከሉ ወደ ኋላ የሸሸ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ታች ለማድረግ ስለሚያዳግተው ከሹረት መውጣት ሊሳነው መቻሉ ደግሞ ሁለቱን ምዕራፎች የሚያስተሳስር ነጥብ ነው፤ በረቂቁ ስያሜዎች ግን ግንኙነቱ ጨርሶ አይታይም።

ኮሶዬና «ከፍታ»

ረቂቁ ለምሳሌ የመረጣት ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር የምትበልጥ የደጋ አፋፍ ናት። ከአፋፉ ላይ ምድሩ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። ረቂቁ የአሜሪካንን ደንብ በመከተል «ትርኢት ከ457 ሜትር ከፍታ በታች አይደረግም» ይላል። ደንቡ 1500 ጫማ ከምድር ገጽ በላይ የሚል ሲሆን «ከምድር ገጽ» የሚለው በትርጉሙ ውስጥ ጠፍቷል።

በኮሶዬ ይህ መጥፋት ምን ያስከትላል? የአብራሪው መለኪያ ከባሕር ወለል ተነሥቶ 2900 ሜትር ያሳያል እንበል። ከቆላው በላይ ሳለ ከሥሩ ሰፊ አየር አለ። አፋፉን ተሻግሮ ወደ ደጋው ሲመለስ መለኪያው ያንኑ 2900 እያሳየ ከሥሩ የቀረው ከ400 ሜትር ያነሰ ነው፤ ማለትም ከደንቡ ወለል በታች ገብቷል። «ከፍታ» የሚለውን ብቻውን መተው ስለማይቻል «የባሕር ከፍታ» እና «የምድር ከፍታ» ተብለው ሁልጊዜ እንዲለዩ እናሳስባለን።

«ፍጥነት» ላይም ተመሳሳይ ችግር አለ። በ2500 ሜትር የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ገደማ ነው። በባሕር ወለል በ80 ኪሎ ሜትር የሚከዳው ክንፍ በዚያ ከፍታ በእውነተኛ ፍጥነት በ90 ገደማ ይከዳል፤ መለኪያው ግን አሁንም 80 ይላል። ረቂቁ ሁለቱንም «ፍጥነት» ስለሚላቸው አንባቢው ሰንጠረዡና መለኪያው የተጣሉ ይመስለዋል። «የመለኪያ ፍጥነት» እና «እውነተኛ ፍጥነት» ብሎ መለየት ቀላል ነው።

የጭነት ቋንቋ

ተርጓሚዎቹ ምሳሌውን ወደ ኮሶዬ ሲያመጡ የአካባቢውን ሰው የጭነት ቋንቋ አብረው አላመጡም። በዚያ ዳገትና ቁልቁለት በቅሎና አህያ የሚጭን ሰው «ጭነቱ አጋደለ»፣ «ወደ ኋላ ሸሸ» ይላል። ያው አንድ ኩንታል እህል ቦታውን ሲለቅ ሌላ ጭነት እንደሚሆን ያውቃል። በዳገት ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ከደረት ላይ፣ በቁልቁለት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ከጅራት ሥር ጠፍር የሚያሳልፈው ለዚህ ነው። የስበት ማዕከል የፊትና የኋላ ወሰን የሚባለው ትምህርት በመሠረቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ «ቅጽበት» በተባለው ፈንታ «ማጋደያ» የሚለውን እናቀርባለን። እንከን የለውም አንልም፤ «ማጋደል» በጽሑፍ ሲታይ ሰዎችን እርስ በርስ ከማገዳደል ጋር ይመሳሰላል፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይምና። ሆኖም በአገባቡ ውስጥ የሚደናገር አይመስለንም። የረቂቁም ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይሆናል፦ «ማጋደያውን ለማግኘት ክብደቱን ከልክ መነሻው ባለው ርቀት ማባዛት ነው።»

ይህን ስንል ስያሜ ሁሉ ከገጠር አነጋገር ይቀዳ ማለታችን አይደለም። «የስበት ማዕከል» በትምህርት ቤት የተለመደ ስለ ሆነ እንዲጸና፣ ረቂቁ አልፎ አልፎ በምትኩ የሚያገባው «የክብደት መሐል» ግን የአካሉን አጋማሽ ስለሚያስመስል እንዲወጣ እንፈልጋለን። በሌላ በኩል የፊዚክስ ሊቃውንት በክብደትና በመጠነ ቁስ መካከል የሚያደርጉትን ልዩነት በዚህ መመሪያ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም፤ በኪሎ ግራም ለሚመዝን ሠሪ «ክብደት» ይበቃዋል። «ሚዛን» ለመሣሪያው ብቻ ይቆይ፤ የምዕራፉም ርእስ «ክብደትና የክብደት አቀማመጥ» ይባል።

ረቂቁ አሁን ባለበት ሁኔታ እንዲታተም አንደግፍም። ይህ ፍርድ የከበደ ሊመስል ይችላል፤ የልብ ወለድ ትርጉም ቢሆን ኖሮ «ይሻሻል» ብለን እናልፈው ነበር። የዚህ መጽሐፍ አንባቢ ግን ያነበበውን ቃል ይዞ ወደ አየር የሚወጣ ሰው ነው። ስያሜዎቹ ከተስተካከሉ በኋላም አንድ በያጅ፣ አንድ አናጢና አንድ የበረራ አስተማሪ ለየብቻ አንብበውት የተረዱትን በራሳቸው ቃል እንዲናገሩ ይደረግ። ሦስቱ አንድ ነገር ከተናገሩ መመሪያው ለማተሚያ ቤት ደርሷል።